ራጇ ያማረላት ልጅ

ነይ፣ ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ እህቴ። ቦርሳዬን ላንሳልሽ። በመስኮቱ በኩል ትሆኛለሽ? አይ ተይው፣ ፀሐዩ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ሰርቪሱ በሰዓቱ መጣ አይደል? ሾፌራችን ጎማ ከተቀየረለት ወዲህ ሰው ሆኗል። በፊትማ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ጫማችን ነበር የሚያልቀው።

እኔ ደግሞ መነጽሬን ቢሮ ረስቼ መጣሁልሽ። ምንም አይታየኝም። ይኸው ከፊታችን ማን እንደተቀመጠ እንኳ አልለየሁም። ኮት ብቻ ነው የሚታየኝ። ጥሩ ኮት ነው። ጋዜጣ እያነበቡ ነው መሰለኝ... አንረብሻቸው፣ ቀስ ብለን እናውራ።

እና፣ እንዴት ነው አዲሱ ክፍል? ሦስት ሳምንትሽ ነው አይደል? የሕክምና ዋስትና ክፍል ሲባል ብዙ ሰው ይፈራል። ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ባለጉዳዩ ያለቅሳል፣ የጽሕፈት መሣሪያው ይጣበቃል ይላሉ። አንቺ ግን ዕድለኛ ነሽ። ደግ ሰው ላይ ነው የወደቅሽው። ስም መጥራት አልወድም፤ ሰው ሲመሰገን ስሙ ከተጠራ ይሸማቀቃል።

ባለፈው ዓመት ያ መመሪያ ሲወጣ አንቺ አልነበርሽም። የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ ቤተሰቡ አእምሮውን ሲታመም፣ ልክ እንደ ሌላው ሕመም በዋስትናው ይታከም የሚለው። አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ኬክ ተቆረሰ። ኬኩን የቆረሱት ሰው ተነሥተው ንግግር አደረጉ... አቤት ንግግር! «ከዛሬ ጀምሮ የተሰበረ እግርና የተጨነቀ ራስ በአንድ ዓይን ይታያሉ» አሉ። እኔ አለቀስኩ። የኬኩን ሳህን እንደያዝኩ ነው ያለቀስኩት። እሳቸውም አይተውኝ «ይህቺ እናት ገብቷታል» አሉ። የመዝገብ ቤት ሴት ምን ይገባኛል ብለሽ ነው? ጣፋጭ ስለሆነ ነው ያለቀስኩት።

ቃላቸውን ግን አላጠፉም፣ እውነት ለመናገር። በሳምንቱ ቅጽ ይዘጋጅ ተባለ። አንዱ ወጣት ባለሙያ ለአእምሮ ሕመም ለብቻው ቅጽ ቢዘጋጅ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ያልበሰለ ልጅ። «ለአንዱ ሌላ፣ ለሌላው ሌላ ቅጽ ካደረግን እኩልነቱ ታዲያ የት አለ?» ብለው ጠየቁት። ለስብራት የተዘጋጀውን ቅጽ አንሥተው ለሁሉም አደረጉት። ተራ ቁጥር አራት፦ የተጎዳው የአካል ክፍል ይገለጽ። ተራ ቁጥር አምስት፦ ጉዳቱን የሚያሳይ የራጅ ፊልም ይያያዝ። እኩል ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ እኩልነት አላየሁም፤ አንቺስ አይተሻል?

ልጄን አታውቂያትም መቼም። ሁለተኛዋን። ቅየሳ ነበር የምትማረው፣ መንገድ ልትቀይስ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ሥር ሆና የጀመረችው ወሬ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ጎረቤቶቻችን «ሬዲዮዋ መጣች» ይሉ ነበር። አምስት ወር ሆናት ካልተናገረች። አትተኛም። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጣለች። ፀጉሯን እኔ ነኝ የማበጥርላት፤ ማበጠሪያው ሲይዛት እንኳ «አመመኝ» አትልም። በፊት ለአንድ ቋጠሮ ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመው ነበር እኮ!

ሐኪሟ ትሑት ሴት ናት። «ሆስፒታል ተኝታ ትታከም፣ ትድናለች፤ ብቻ አይዘግይ» አለችኝ። አልጋም ያዘችልኝ። እስከ ነገ ቀትር። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ሐኪሟም ጽፋለች፣ ማኅተሙም አለ፣ ፋይሉም ሙሉ ነው። የቀረው የዋስትናው ፊርማ ነው። አንዲት ፊርማ እኮ... ስትፈርሚ እስክሪብቶ እንኳ አይሞቅም።

ራጁ? እንዴ፣ እሱንማ አስነሣሁ! ሥርዓት ሥርዓት ነው። የራጅ ባለሙያው «ምኗን ነው የተመታችው?» አለኝ። «አልተመታችም» አልኩት። «ታዲያ ምኗን ላንሣ?» «ተራ ቁጥር አምስትን» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ተወው። ጭንቅላቷን አነሣልን። አቤት ፊልም! ጥርት ያለ፣ አንዲት ጭረት የሌለበት። እኔ ጭንቅላት እንዲህ እንደሚያምር አላውቅም ነበር።

ይዤ እናንተ ክፍል ገባሁ። እኚያው ሰው ተቀበሉኝ፤ ከወንበራቸው ተነሥተው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥተው ገለባበጡት፣ አገላብጠው አዩት... ከዚያ ፊታቸው ፈካ! «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ልጅሽ ደኅና ናት» ብለው እጄን ጨበጡኝ። በሁለት እጃቸው። እኔስ ምን እላለሁ? «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኩ። ሰው እንደዚያ ተደስቶልሽ ዝም ትያለሽ እንዴ? ፋይሉ ላይ ደግሞ በቀይ ጻፉበት፦ «ጉዳት ያልታየበት በመሆኑ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።» መዝገብ ቤት ማለት እኔ ነኝ። የልጄን ፋይል ራሴ ተረክቤ፣ ራሴ ፈርሜ፣ ራሴ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ፈጣን አገልግሎት የት ታገኛለሽ?

አቤቱታ አቀረብኩ። ደግ ሰው አቤቱታ አይጠላም። «አመልካቿ ራሷ ቀርባ ሕመሟን በቃሏ ታስረዳ» ተባለ። ይኸው ሰኞ ዕለት ይዣት መጣሁ። ሦስት ሆነው ተቀምጠው፣ መሐል ላይ እሳቸው። «እሺ ልጄ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አሏት። ልጄ ያሉት በፍቅር ነው፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ይዛ ዝም። እኔ አፌን ልከፍት ስል «እናት አይናገሩ፤ የሚያማት እሷን ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና አምስት ደቂቃ ሰጧት። አምስት ሙሉ ደቂቃ! ዛሬ ማን ነው ለሰው አምስት ደቂቃ የሚሰጥ? አፏን ከፍታ እስክትናገር እኔም፣ እሳቸውም፣ ሰዓቱም አብረን ጠበቅናት።

ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ተጻፈ? «አመልካቿ ተጠይቃ ምንም ዓይነት ሕመም እንዳለባት አልገለጸችም።» ...አንቺ ነሽ አይደል የጻፍሽው? አይ፣ አይ፣ አትደንግጪ እህቴ! የተሰጠሽን ነው የገለበጥሽው። ንጹሕ ጽሑፍ ነው፣ አንድ የፊደል ግድፈት የለበትም። አንብቤ አደነቅኩሽ። ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ከፊታችን ያሉት ሰውዬ አንባቢ ናቸው መቼም፤ ከተነሣን ጀምሮ ያቺኑ አንድ ገጽ ናቸው። ከባድ ነገር ሳይሆን አይቀርም የተጻፈው።

ሰው ሁሉ ደግሞ እንደ ልጄ ጤነኛ አይደለም። ጨጓራ የሚያመው አንድ ትልቅ ሰው አለ። ፋይሉ እኔ ዘንድ ነው፤ ከልጄ ፋይል ሦስት ፋይል ዝቅ ብሎ። እኔ ፋይል አልከፍትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍቼ አላውቅም። ግን ማያያዣው ላልቶ ወረቀቱ ወደቀ፤ ሲወድቅም ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ወደቀ። ዓይኔን ልጨፍን? ያኔ ደግሞ መነጽሬን አድርጌ ነበር።

እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አስረጂኝ። ጨጓራ በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ከሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል እንዴ? ቃር አንድ ነገር ነው፣ ማቃጠል አንድ ነገር ነው፤ ወሬ የሚወድ ጨጓራ ግን ሰምቼ አላውቅም። መድኃኒቱም የሚዋጠው ሲመሽ ነው፤ «ለእንቅልፍ» ይላል። ጨጓራው እንቅልፍ አጥቶ ይሆን? የሚገርምሽ ደግሞ ሐኪሟ... ያቺው የልጄ ሐኪም ናት! ሙያዋ ብዙ ነው ለካ። ራጅ ተያይዟል ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። የትልቅ ሰው ጨጓራ በቃሉ ይታመናል። የፈቀደው ሰው ፊርማና የታማሚው ፊርማ ደግሞ አንድ ዓይነት! ጭራው ሳይቀር። መንታ ይሆኑ ይሆናል።

አልስቅም እኮ። ለምን እስቃለሁ? ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ሰው ጠዋት ፊቱ ምን እንደሚመስል ቤቴ ሆኜ አየዋለሁ። በአሳንሰሩ ውስጥ ሳገኘውም እለየዋለሁ። ይታከም! ይዳን! ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም፣ ሞኝ ነኝና። ያ ሰው መመሪያውን ያነበበ ነው፣ ኬኩን የቆረሰ ነው፣ ማኅተሙ በእጁ ነው፤ እሱ እንኳ የሕመሙን ስም ወረቀት ላይ ለመጻፍ አፍሮ ጨጓራ ካለ... ልጄ በሦስት ሰው ፊት፣ ሰዓት ተቀምጦላት፣ እንዴት ብላ ነው የምትናገረው? ምን ብላ?

ተይው፣ እኔ ነገር ማርዘም እወዳለሁ። ነገ ጠዋት ያ የልጄ ፋይል ጠረጴዛቸው ላይ ከሁሉ በላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እኔው ነኝ የማስቀምጠው። ቅጹ ላይ የሚፈረምበት ቦታ ላይ ትንሽ ምልክት አድርጌበታለሁ፣ ዓይናቸው እንዳይደክም። ያኛው ፋይል? የጨጓራው? እሱማ ቦታው ነው። ማን ይነካዋል? የላላውን ማያያዣ እንኳ ቀይሬለታለሁ። እንደ ራሴ ልጅ ፋይል ነው የምጠብቀው፤ መዝገብ ቤት ለሁሉም እኩል ነው።

ውይ፣ ከፊታችን ያሉት ሊወርዱ ነው! እዚህ ነው እንዴ መውረጃቸው? ሁለት ፌርማታ ይቀራቸው ነበር መሰለኝ... እግራቸውን ሊያፍታቱ ይሆናል፤ ጥሩ ነው፣ በእግር መሄድ ለእንቅልፍም ለጨጓራም ይረዳል ይላሉ። ሾፌር! ወራጅ አለ፣ ቀስ ብለህ አቁምላቸው! ይለፉ ጌታዬ፣ እግሬን ልሰብስብልዎት። አይዞዎት፣ እኔን አልረገጡኝም።

እና ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ስለዚያ ደግ ሰው። ሰዉ «ለምን አትረግሚያቸውም?» ይለኛል። ምን በወጣኝ! እኔ ምርቃት እንጂ እርግማን አልችልበትም። አንቺም አሜን በይ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። እንቅልፋቸውን ይመልስላቸው። ልጆቻቸውን ከክፉ ይጠብቅላቸው። የሰው ፊት አያሳያቸው... ግድ ሆኖ አንድ ቀን የሚወዱትን ሰው በእጃቸው ይዘው ቢሮ ለቢሮ ቢንከራተቱም፣ የመጨረሻውን በር ሲከፍቱ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ደግ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃቸው።