ወይዘሮ ዞያና ሳይፈጸም የቀረው ቫልስ

አባቶቼ ካህናት፣ ወገኖቼ፣ ከስካርቦሮም ከኢቶቢኮም ይህን ብርድ ጥሳችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ። እኔ እዚህ ፊት ለፊት አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡት የአቶ ዋለልኝ ታላቅ እኅት ተሻለች ነኝ። ይህን ጽሑፍ የእድሩ ሊቀመንበር ቢያነብቡት ወግ ነበር፤ ነገር ግን የወንድሜ ባለቤት ወይዘሮ ዞያ ገና በአልጋ ላይ ሳሉ፣ የእኔን ታሪክ ተሻለች ታንብበው፣ እርሷ ካልቀለደችብኝ ለቀስተኛው ሌላ ሴት የሞተች ይመስለዋል ብለው ስለ ተናዘዙ፣ ኑዛዜ አይጣስምና እያለቀስኩም ቢሆን ቆሜያለሁ።

ወይዘሮ ዞያ አርካዲየቭና ከባቡር ነጂው ከአባታቸው ከአቶ አርካዲና ከልብስ ሰፊዋ ከእናታቸው ከወይዘሮ ኒና፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚያው ነው፣ በ1959 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በሩስያ ምድር ቮሮኔዥ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በዚያ አገር የበረዶው ወራት ሲገባ የሰፈሩ ሰው በየግቢው ውኃ እያፈሰሰ ያድርና፣ ሲነጋ መሬቱ ረግቶ መስተዋት መስሎ ይገኛል፤ ወይዘሮ ዞያም ገና ፊደል ሳይቆጥሩ፣ እናታቸው ከአሮጌ መጋረጃ የሰፉላቸውን ቀሚስ ለብሰው፣ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አጥልቀው በዚያ ግቢ ይንሸራተቱ ነበር። አመሻሽ ላይ የየቤቱ መስኮት መብራት በጎናቸው ሲያልፍ፣ የምሄደው እኔ ነኝ ወይስ ቤቶቹ ናቸው እያሉ ግራ ይገባቸው እንደ ነበር ደጋግመው አጫውተውኛል። ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ሩቅ ይሄዳል፤ ሻያቸውም ይቀዘቅዛል።

ትምህርታቸውን በዚያችው ከተማ እየተከታተሉ፣ በአሥር ዓመታቸው የበረዶ ላይ ዳንስ ከሚያሠለጥን ቡድን ገቡ። ይህ ዳንስ፣ ለማናውቀው ሁሉ እንዳስረዱን፣ በቴሌቪዥን እንደምናየው ሴቲቱን ወደ ሰማይ የሚወረውሩበት አይደለም፤ ወንድና ሴት ተያይዘው በዜማው ልክ የሚሄዱበት፣ ቢለያዩም ወዲያው ተመልሰው የሚያያዙበት ነው። ወይዘሮ ዞያ ሲቀልዱ፣ ሌላው ሁሉ ሰርከስ ነው፣ የእኛ ግን ትዳር ነው ይሉ ነበር። ኦሌግ ከሚባሉ የከተማቸው ልጅ ጋር ተጣምረው ከከተማ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ አገር አቀፍ ውድድር እያደጉ፣ ሜዳሊያም እያገኙ፣ በ1981 ዓ.ም. ለአውሮፓ ውድድር የሚያልፉት ጥንዶች ከሚለዩበት ትልቅ መድረክ ደረሱ።

በዚያ ቀን የመጨረሻው ዳንሳቸው ቫልስ የሚሉት፣ ተቃቅፈው እየዞሩ የሚሄዱበት ነበር። ሙዚቃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የአቶ ኦሌግ ጉልበት ከዳቸውና ወደቁ፤ መነሣትም ስላልቻሉ በቃሬዛ ተወሰዱ። ያልተፈጸመ ዳንስ ነጥብ አይሰጠውምና ስማቸው ከውጤቱ ወጣ፤ ወይዘሮ ዞያ ግን በሜዳው መካከል ብቻቸውን ቆመው፣ አንድ እጃቸውን እንደ ዘረጉ፣ ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ ሰሙት። አቶ ኦሌግ ከዚያ ወዲህ ወደ በረዶ አልተመለሱም፤ አንድ በሬ አያርስምና ወይዘሮ ዞያም በሃያ ሁለት ዓመታቸው ውድድር አቆሙ። ያንን ታሪክ ሲነግሩን አያለቅሱም፤ መጨረሻው እንዴት ሆነ ስንላቸው ግን፣ መጨረሻ የለውም፣ አልተቆጠረልኝም ይላሉ። እኔም፣ ቤት ያላቸው፣ ልጆች ያሏቸው ሴትዮ በአንድ ያረጀ ዳንስ ምን ያንገበግባቸዋል እያልኩ እገረም ነበር።

ወንድሜ አቶ ዋለልኝ በዚያን ጊዜ እርሻ ሊማሩ ከአገራቸው ወደ ቮሮኔዥ ተልከው ነበር። የትዳራቸውም ነገር የጀመረው፣ አቶ ዋለልኝ ድንች በከረጢት ተሸክመው ሲሄዱ በበረዶው አዳልጧቸው ከወይዘሮ ዞያ እግር ሥር በመውደቃቸው ነው፤ ድንቹም ተበተነ፣ ሰውዬውም ተነሡ፣ ልባቸው ግን እዚያው ቀረ። ወንድሜ እንኳን በበረዶ በደረቅ መሬትም የማይታመኑ ሰው ናቸውና፣ በፈቃዴ በረዶ ላይ አልቆምም ብለው የማሉት በዚያች ቀን ነበር። በ1986 ዓ.ም. ተጋብተው ራጉኤልንና ሐሴትን ወለዱ፤ ሁለቱም አገሮች ሲናጡ ልጆቻቸውን ይዘው በ1993 ዓ.ም. ወደ ቶሮንቶ መጡ። ቀድሞ በሴንት ጄምስ ታውን ከደመና በሚጎራበት ፎቅ ላይ፣ ኋላም በሬክስዴል ኖሩ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር። ወንድሜ በኤርፖርቱ አጠገብ ዌርሃውስ በሚሉት የዕቃ መጋዘን ሲሠሩ፣ ወይዘሮ ዞያ የበረዶ ሜዳ ባለበት አዳራሽ ስኬት የሚሉትን ያንን ባለ ስለት ጫማ እየሞረዱ ሕፃናትን ያስተምሩ ነበር። አማርኛውን በሁለት ዓመት አቀላጥፈውት፣ በሁዳዴ ከእኔ ይልቅ የሚጾሙ፣ ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ ሆኑ።

በ2005 ዓ.ም. ድሮ የተወዳደሩ ጎልማሶች እንደገና የሚገናኙበት ውድድር መኖሩን ሰምተው፣ ከአንድ ካናዳዊ የጥርስ ሐኪም ጋር ተጣምረው ልምምድ ጀመሩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ትርፌ በአዳራሹ መስተዋት በኩል ሐኪሙ የወይዘሮ ዞያን ወገብ ይዘው ሲያዞሯቸው አዩና፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ከጸበሉ ቀድሞ ዞረ። በአቶ ገብረ ክርስቶስ መሪነት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ነገሩን አዩ፤ በመጨረሻም፣ ዳንሱ ይሁን ካልሽ ይሁን ልጄ፣ ባለትዳር ነሽና አቅፎ የሚያዞርሽ ግን ባልሽ ይሁን ብለው ፈረዱ። ወንድሜ በረዶ እንደሚፈሩ አገር ያውቃልና፣ ሽማግሌዎቹ ነገሩ በዚሁ ይዘጋል ብለው አስበው ነበር። ወይዘሮ ዞያ ግን፣ ይህ ፍርድ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ አዎን፣ ፍርድ ነው ተባሉ፤ ከዚያም ተነሥተው የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስመው ወደ ባላቸው ዞሩና፣ ሰምተሃል አሏቸው። አቶ ዋለልኝ ያን ጊዜ አፋቸው ላይ የነበረውን ጉርሻ መዋጥ አቅቷቸው ውኃ ያቀበልኩ እኔ ነኝ።

የሽማግሌ ፍርድ አይፈርስም፤ ስለዚህ ወንድሜ በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ በእኔ ነጠላ ትራስ ከወገባቸው በታች ታስሮላቸው፣ የወጥ ቤታችንን ወንበር እየገፉ፣ ከሕንፃችን ጀርባ ወዳለው የበረዶ ሜዳ ወረዱ። አማትበው ይገባሉ፣ ይወድቃሉ፣ አማትበው ይነሣሉ። የሰፈሩ ልጅ ብሩኪ፣ ጋሼ ዋለልኝ አር ዩ ኦኬ እያለ ይጮኻል፤ አቶ ገብረ ክርስቶስም፣ ፈርጄበት ቢሞትብኝስ ብለው ሠግተው በየቅዳሜው ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ዳር ይቆማሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና፣ በመጀመሪያው ዓመት ቆሙ፣ በሁለተኛው ሄዱ፣ በሦስተኛው ወንበሩን ትተው የሚስታቸውን እጅ ያዙ። አንድ ማለዳ ከፎቃችን መስኮት ቁልቁል ሳይ፣ ከበረዶው ላይ ጉም ተነሥቶ እግራቸውን ሸፍኖት፣ ሁለቱ ምንም ሳይረግጡ የሚሄዱ መሰሉኝ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሕልም እንዳይሆንብኝ ብዬ መስኮቱን ከፍቼ ብርዱን አስገባሁት።

በ2008 ዓ.ም. በጸደይ ወር በኢቶቢኮ በተደረገው ውድድር ለጀማሪዎች በተመደበው ክፍል ቀረቡ፤ ወይዘሮ ዞያ የመረጡትም ያንኑ ቫልስ ነበር። እኛም ከቤተ ክርስቲያን በሁለት አውቶቡስ ሞልተን ሄድን። ደኅና እየሄዱ ሳለ፣ ሙዚቃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አቶ ዋለልኝ ወደቁ። ወይዘሮ ዞያ በሜዳው መካከል ብቻቸውን ቆመው ቀሩ፤ እጃቸው እንደ ተዘረጋ ነው፣ ፊታቸው ግን እዚያ አልነበረም፣ ቮሮኔዥ ነበር። እኔም እመቤቴን ጠራሁ። ያን ጊዜ አቶ ገብረ ክርስቶስ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ ተነሣ አንተ፣ ፍርድህን ጨርስ ብለው ጮኹ! ወንድሜ በጉልበታቸው ተነሡ፣ በእግራቸው ቆሙ፣ የተዘረጋውንም እጅ ያዙ፤ ሙዚቃውና እነርሱ አብረው ጨረሱ። በዳንሱ ሕግ ወንዱ እጁን ዘርግቶ ሴቲቱን ለሕዝብ ያቀርባል፣ ከዚያም እጅ ይነሣል፤ ይህ ካልሆነ ዳንሱ አልተዘጋም ይሉ ነበር ወይዘሮ ዞያ። ወንድሜ አቀረቧቸው፣ እጅም ነሡ። ከሰባት ጥንዶች ሰባተኛ ሆኑ፤ እልልታችን ግን ስላላባራ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ያሸነፉት እነርሱ መስለዋቸው መጥተው አቀፏቸው። ወይዘሮ ዞያ ነጥባቸው ሲነበብ ሃያ ሰባት ዓመት ያቆዩትን እንባ አፈሰሱ፤ በአማርኛም፣ ተቆጠረልኝ አሉ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ተወዳድረው አንድ ጊዜማ አራተኛ ወጥተዋል፤ ያችን የምስክር ወረቀት ያላየ እንግዳ ከቤታችን አልወጣም። በ2015 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ተገኘባቸውና በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። እግራቸው እምቢ ባለበት በዚህ ባለፈው ጥር፣ ወንድሜ ስኬታቸውን አጥልቀው፣ የወይዘሮ ዞያን ተሽከርካሪ ወንበር ወደዚያው ሜዳ እየገፉ ገብተው፣ በወንበር የተማሩትን በወንበር መለሱላቸው። ወይዘሮ ዞያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መስኮቶቹ እያለፉ ነው አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም፣ ጉልበትህን እጠፍ ብለው ተቆጡ። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ እንዳለ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ወንድሜ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ አላለቀሱም፤ ይዘን ካላነሣናቸው ከወንበራቸውም አይነሡም።

ወይዘሮ ዞያ ባለቤታቸውን አቶ ዋለልኝን፣ ልጆቻቸውን ራጉኤልንና ሐሴትን፣ ሐሴት የወለደቻትን፣ ገና በሁለት ዓመቷ በረዶ የማትፈራውን ሩቲን፣ በቮሮኔዥ ያሉ እኅታቸውን፣ በበረዶ ላይ መራመድ ያስተማሯቸውን የሬክስዴል ልጆችና የምትቀልድበት ያጣችውን እኔን ትተው ሄደዋል። በማያዳልጠው አገር፣ ከቅዱሳን ጋር አምላክ ነፍሳቸውን ያኑርልን፤ እኛንም በመጽናናቱ ይደግፈን።

አቶ ገብረ ክርስቶስ፣ የቀረውን እርስዎ ቢሉት ደስ ባለኝ፤ እርስዎ ግን እንባው አላናግር ብሎዎታልና እኔው ልበለው። ዋለልኝ ወንድሜ፣ ሙዚቃው አልቋል። ተነሣ አንተ፤ እጅህን ዘርጋና አቅርባት፣ እጅም ንሣ፤ ይቆጠርላት።