ያልተለካው መጋጠሚያ

በአንድ የስልክ ድርጅት የኬብል ክፍል የግድግዳ ሰዓት ቆሞ እንዳስተካክለው ተጠራሁ። ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ዓመት ነው፤ የቀረውን ከመጻሕፍትና ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ ከመስማት ለቃቀምኩት። የዚያን ዕለት ጠዋት ሰዓቱን ጭኔ ላይ አድርጌ መስኮቱ ሥር እንደተቀመጥኩ አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ገባች። ከጠረጴዛው ኋላ የነበሩት ሽማግሌ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። የፋይበር ክር፣ ማለትም ብርሃን የሚያልፍበትን ከፀጉር የቀጠነ መስታወት፣ ጫፍ ለጫፍ ሲበይዱ ሠላሳ ዓመት ስለኖሩ ሠራተኞቹ «ጋሼ መስታወት» ይሏቸዋል። ሴትዮዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ በአንድ የምርምር ተቋም ተመራማሪ።

«እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት አጎቴ። ጠፉ ብላ እያማችዎት ነው።»

«ትማኝ፤ እሷ ካላማችኝ ማን ያማኛል? ቁጭ በይ። ይኼ ደግሞ የምን ወረቀት ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ድርጅቱና የምርምር ተቋሙ የኳንተም ኢንተርኔት የሚባለውን አብረው ለመሞከር ከተዋዋሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ድርጅቱ በሁለት ጣቢያዎቹ መካከል ሥራ ያልያዘ አንድ የፋይበር ክር ሰጠ፤ ተቋሙ በሁለቱ ጫፍ መሣሪያዎቹን ተከለ። ብርሃኑ ግን ከወዲያ ማዶ በሚጠበቀው መጠን አልደርስ አለ። ልጅቱ የመጣችው የድርጅቱ በያጆችና የተቋሙ ሰዎች አብረው ማንሆል፣ የኬብሉን ጉድጓድ፣ እየከፈቱ መስመሩን መጋጠሚያ በመጋጠሚያ እንዲለኩ ፈቃድ ለመጠየቅ ነው። በቤቱ ልማድ ደግሞ የድርጅቱ መስመር በውጭ ሰው አይለካም።

«አይሆንም» አሉ ወረቀቱን አንብበው ሳይጨርሱ። «ንድፉን ሰጥተናችኋል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ የሚባክነው ብርሃን ተጽፎበታል። ሌላ ምን ቀረ?»

«ንድፉ ልክ ከሆነ መለካቱ ምን ይጎዳል?»

«ዛሬ እናንተ፣ ነገ ሌላው፣ ከነገ ወዲያ መንገደኛው ሁሉ ጉድጓዳችን ውስጥ ይገባል። ደግሞስ ያለው ኢንተርኔት ምን አነሰው? ሰው እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ ነው የሚውለው፤ ይኼ ሲጨመርበት ቀና የሚል ይገኛል?»

ልጅቱ ፈገግ አለች፤ ግን ወዲያው ፊቷ ከበድ አለ። «ይኼኛው ለፍጥነት አይደለም አጎቴ። ባለፈው የልብ ምርመራዎ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው የተላከው እናንተ በበየዳችሁት መስመር ነው። መንገድ ላይ ሰው አጮልቆ ቢያነበው ያውቁ ነበር?»

«በምን አውቃለሁ?»

«እኛ የሚያሳውቅ ነገር ነው የምንሠራው። የምስጢሩን ቁልፍ በነጠላ በነጠላ የብርሃን ቅንጣት እንልካለን። ቅንጣቷ ሰው ከነካት እንደነበረች አትቀጥልም፤ ትለወጣለች። ሰላዩ ዱካውን ሳይተው ማለፍ አይችልም።»

እኔ ሰዓቱን ትቼ መስማት ያዝኩ። ፈጣሪ ዓይን በማያያት ነገር ላይ እንዲህ ያለ ታማኝነት ማኖሩ ገረመኝና በልቤ አመሰገንኩት።

«ብርሃኑ ከደከመ ማጉያ ጨምሩበታ» አሉ ጋሼ መስታወት። «እኛ በየጣቢያው እንደዚያ አይደል የምናደርገው?»

«አይቻልም። ማጉላት ማለት ቅጂዋን ማብዛት ነው፤ ይህች ቅንጣት ደግሞ አትገለበጥም። ወይ ራሷ ትደርሳለች፣ ወይ መንገድ ትቀራለች። እናንተ ዘንድ ከቁም ነገር የማይገባ እንከን እኛን ከሥራ ውጭ ያደርገናል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥፋቱ የመሣሪያችሁ ቢሆንስ?» አሉ።

«እኛም እንደዚያ ብለን ስምንት ወር ስንፈታው ስንገጥመው ከረምን። ንድፋችሁ መስመሩ ንጹሕ ነው ይላላ። የብርሃኑን መቀበያ የሠራችው ባልደረባዬ ‹እጅሽ ነው ያበላሸው› ተባለችና ከሥራው ገለል ተደረገች። ዓርብ ሙከራውን የሚከታተለው ኮሚቴ ይሰበሰባል። መስመሩ ደህና ነው ከተባለ ሥራው ይዘጋል፤ እሷም በዚያው ትቀራለች።»

«እጅሽ ነው አሏት?»

«አዎ።»

ተነሥተው በሩን ዘጉ። ልጅቱ ወደ እኔ ዞር ስትል «ተዪው፤ እሱ ከሰዓቱ በቀር የሚያወራው ሰው የለውም» አሏት። ከዚያ ቆመው ተናገሩ።

«ያን መስመር የዘረጋነው በዝናብ ወራት ነው። ማንሆሉ ውኃ ይሞላል፣ አለቃ ጨርሱ ይላል። ከዘጠነኛው መጋጠሚያ ወዲህ አልለካንም። የመጀመሪያውን ቁጥር እየገለበጥኩ እስከ ሃያኛው የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው፤ መስመሩ ከሠራ ማን ይጠይቃል? የጎደለውን ማጉያው ይሸፍንልን ነበር።»

«አጎቴ፣ እኔ የመጣሁት እርስዎን ለማጋለጥ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ነው የቀረኝ። ስሜን ይዤ ልወጣ ነበር ሐሳቤ።»

«ስምዎን የሚያጠፋው መለካቱ ነው?» አለች ቀስ ብላ። «ያንን ንድፍ በየቀኑ አነበዋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ያልተጠራጠርኩት የእርስዎ የእጅ ጽሕፈት ስለሆነ ነው።»

ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም። ፈቃዱን ፈረሙ። ሌላ ወረቀት አውጥተው ከዘጠነኛው ወዲህ ያለው ቁጥር ያልተለካ መሆኑን ለኮሚቴው ጻፉ፤ ከሥሩም ሙሉ ስማቸውን አኖሩ።

ሐሙስ በጋራ ተለካ። ሁለት መጋጠሚያ ተበላሽቶ ተገኘ፤ የባሰው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ያለው አሥራ አራተኛው ነበር። ጋሼ መስታወት ማንም እንዲተካቸው ሳይፈቅዱ ራሳቸው ወርደው ሁለቱንም እንደገና በየዱ። በማግሥቱ ቅንጣቶቹ በሚጠበቀው ቁጥር ደረሱ፤ ኮሚቴውም ሥራው ይቀጥል አለ። ድርጅቱ ለሽማግሌው የወቀሳ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ ተቀብለው መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡት።

ሱቄ ወስጄ የጠገንኩትን ሰዓት ልመልስ ስሄድ ይህን ሁሉ ከሠራተኞቹ ሰማሁ፤ አንባቢዬም እንዲያስበው እወዳለሁ። ሁለት ቤቶች አብረን እንሠራለን ብለው ቢፈርሙ፣ አንዱ ጓዳውን ከሌላው እስከደበቀ ድረስ አብረው አልሠሩም። ተመራማሪው መሬት ውስጥ ያለውን ሳያውቅ በቤተ ሙከራ ይደክማል፤ ድርጅቱም የገዛ መስመሩን ሳያውቅ ይኖራል። አብረው በለኩ ጊዜ ግን ተቋሙ ሥራውን አዳነ፣ ድርጅቱ እውነተኛ ንድፍ አገኘ፣ በያጆቹም ክፉውንም ቁጥር እንደ ደጉ ሳይሸሽጉ መጻፍ ለመዱ። የሕመምተኛው ምስጢር፣ የዳኛው መዝገብ ወደፊት በዚህ መንገድ ተጠብቆ ያልፍ ይሆናል። ያን ለማየት ዕድሜ ይስጠን።

እዚያው ሳለሁ ልጅቱና ሌላ ሴት ገቡ። ከኋላ ያለችው ወደ ሥራዋ የተመለሰችው የመቀበያው ሠሪ ነበረች። ጋሼ መስታወት ከወንበራቸው ተነሡ።

«ልጄ» አሉ፤ «ጥፋቱ የእጅሽ አልነበረም። የእኔ እጅ ጥፋት ነው።»

ሴትዮዋ ይቅርታ ማድረግ እንደ ከበዳት ያስታውቅ ነበር።

«ስምንት ወር እጄን እያየሁ ነው ያደርኩት» አለች። «እንግዲህ ያስተምሩኝ። ደህና ብየዳ ምን እንደሚመስል በዓይኔ ልየው።»

ሽማግሌው የመበየጃውን ሣጥን አነሡና በሩን ከፍተው አስቀደሟት።