ውሃ የምትጠጣው ባቡር

ፊሽካ ከሆስፒታሉ የቦይለር ክፍል ወጥታ፣ እጇ ላይ የቀረውን ቅባት በጨርቅ እየጠረገች ወደ ቤቷ ስታዘግም፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር አንድ ሽማግሌ ሁለት ጀሪካን ውሃ መሬት አስቀምጠው ሲያለከልኩ አየች። ባርኔጣቸውን ብቻ አይታ አወቀቻቸው። በዚያ ሰፈር የነጂ ባርኔጣ አድርጎ ውሃ የሚሸከም ከአባ ጭስ ሌላ ማን አለ?

አባ ጭስ የመጨረሻው የእንፋሎት ባቡር ነጂ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው የሰፈር ልጆች ናቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላ ለመዱት፣ አሁን በሌላ ስም ቢጠሯቸው ዞር አይሉም። የፊሽካ አባት በሕይወት ሳለ እሳቸው በሚነዱት ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበር። ልጅቱንም ፊሽካ ያሏት እሳቸው ናቸው፤ ሕፃን ሳለች የባቡሩን ፉጨት ከባቡሩ አስበልጣ ታፏጭ ነበርና።

«ያምጡ አባባ፣ አንዱን ልያዝልዎት።»

«ማነሽ? ውይ! አንቺ ልጅ መቼ መጣሽ? ቁመትሽ እንጂ ምላስሽ እንዳልረዘመ ተስፋ አለኝ።»

«ምላሴ ቀድሞኝ ነው የደረሰው አባባ። ወደዚህ አዛውረውኝ ነው፣ የሆስፒታሉን ቦይለሮች ነው የምይዘው። ውሃው ለምንድን ነው?»

«ለእመቤቴ ነዋ!»

እመቤቲቱ ማን እንደሆነች ፊሽካ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በጣቢያው ጋራዥ ውስጥ የቆመችው ጥቁሯ ሎኮሞቲቭ ነች። የጋራዡ በር ሲከፈት ርግቦቹ ከጣሪያው ላይ ግር ብለው ተነሱ። ባቡሯ በጨለማው ውስጥ ናሷ ተወልውሎ እያብረቀረቀ ቆማለች፤ ሽማግሌው በየሳምንቱ ይወለውሏታል። በአንድ ጎኗ ሽፋኗ ተነቅሎ ውሃ የሚፈላበት የቦይለሩ ብረት ተራቁቷል እንጂ፣ ቢጠሯት አቤት የምትል ትመስል ነበር።

አባ ጭስ በመሰላል ወጡና ከአናቷ ላይ ያለውን ክዳን ፈትተው ውሃውን ያንቆረቁሩባት ጀመር።

«የባቡር መሥሪያ ቤቱስ ምን አለ?» አለች ፊሽካ ጀሪካኑን እያቀበለቻቸው።

«ምን ይላል! ዝናቡ ሳይገባ መርማሪ እንልካለን፣ በራሷ እንፋሎት ከተንቀሳቀሰች ጎብኚ ታመላልሳለች፣ ካልተንቀሳቀሰች ተቆራርጣ ማቅለጫ ትገባለች፣ ሐዲዱም ይነቀላል ይላል።»

«ታዲያ ለምን አያስነሷትም? እሳቷን የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ የለም።»

«አላስነሳትም!» አሉ፤ ድምፃቸው ጋራዡን ሞላው። «ይቺ ባቡር በጎርፉ ዓመት ድልድዩ ሳይሰበር ሕሙማንን አሻግራለች። ሙሽራ አምጥታለች፣ ሬሳ ለዘመዱ መልሳለች፣ የተራበ ከተማ ዱቄት አብልታለች። ዛሬ በእርጅናዋ ባለ አጭር ሱሪ ሁሉ እየተንጠለጠለ ፎቶ ይነሳባት? ሰርከስ ናት?»

«ባለ አጭር ሱሪው ምን አደረገዎት? የሚበርደው የራሱ ጉልበት!»

«አትቀልጂ! ደግሞስ የኤሌክትሪክ ባቡር እያለ የከሰል ጭስ ለማን ይበጃል? አንቺ የተማርሽው፣ ጭስ ሳንባ አይጎዳም?»

«ኧረ ጉድ! ይኼን የሚሉኝ አባ ጭስ ናቸው?»

ሽማግሌው ሳቅ ቃጣቸውና ያዙት። እንዲህ ያለውን ክርክር ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ያረጀ ነገር ሲነሳ አንዱ ወገን «ይጣል» ይላል፣ ሌላው «እንዳለ ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው» ይላል፤ ሁለቱም ከሥራ የሸሹ ናቸው። ማደስ የሚባለው ሦስተኛው መንገድ እጅ ስለሚያቆሽሽ ብዙ ወዳጅ የለውም።

«ይስሙኝ አባባ፤» አለች ፊሽካ። «ሠራተኛውን ጠዋት ጠዋት የሚያደርሰው ኤሌክትሪኩ ነው። ይሁን፣ ይፍጠን፣ ዕድሜ ይስጠው። የእመቤቲቱ ሥራ ግን ከእንግዲህ ማድረስ አይደለም፣ መንገዱ ራሱ ነው። ሰው መኪና እያለው ፈረስ ለመጋለብ የሚጓጓው ቸኩሎ ነው እንዴ? ብረት ሲተነፍስ መስማት፣ ውሃና እሳት ተባብረው ተራራ ሲወጡ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ከሰሉንም እንተወዋለን። እንጨት መሰንጠቂያው ወንዝ ውስጥ የሚደፋውን የመጋዝ ብናኝ ከገለባ ጋር ጨምቆ፣ እንደ ጡብ አድርጎ፣ አክስሎ የሚያወጣ ማሽን አለ። በሆስፒታሉ ቦይለር ሞክሬዋለሁ። ጭሱ ጠፋ አልልዎትም፤ አንሷል።»

«ገለባ? እመቤቴን ገለባ ላበላት? በሬ ናት?»

«በሬም ቢሆን ጾሙን ከሚያድር ገለባ ይሻለዋል።»

«እሺ ይሁን፣ ማን ይነዳታል? እኔ እንደሆነ ዛሬ ነገ የምል ሰው ነኝ።»

«ያስተምሩና!»

«በአፍ? እሳት በአፍ አይነገርም! እኔ ጢሜ እስኪያቀመቅም አመድ ጠርጌ፣ በዓይኔ ሰርቄ ነው ያወቅሁት። አንድ ጊዜ ብጠይቅ አለቃዬ የመለሰልኝ በአካፋ እጀታ ነው።»

«መልሱ ታዲያ ገባዎት?»

«ገባኝ እንጂ፣ ትከሻዬ ላይ!» አሉና ፊታቸው መልሶ ጠቆረ። «ተይኝ ልጄ። እስክሞት አብሬያት እሆናለሁ። ስሞት የወደዱትን ያድርጓት።»

«ይኼማ ፍቅር አይደለም አባባ። ቅናት ነው። ‹እኔ ከሌለሁ አትኑር› ነው ያሉት።»

ሽማግሌው ባዶውን ጀሪካን ከመሰላሉ ላይ ለቀቁት። ፊሽካ ቃሏ እንደከበደ አወቀች፤ ግን አልመለሰችውም። ዓይኗ ጀሪካኑ ላይ አርፎ ነበር፤ ሁለቱም ባዶ ሆነዋል።

«አባባ፣ እሳት ከነካት ስንት ጊዜዋ ነው?»

«አባትሽ ካረፈ ወዲህ እሳት አታውቅም።»

«ታዲያ ባለፈው ሳምንት የጨመሩባት ውሃ የት ገባ?»

«ጠጣችው።»

«ጠጣችው?»

«አዎ ጠጣችው! እኔን ያስተማረኝ አለቃ፣ እሱንም የእሱ አለቃ፣ ‹ቦይለር ደርቆ አይደር› ብለው ነው ያለፉት። እኔ ቆሜ እየሄድኩ እመቤቴ ጠምቷት አታድርም።»

ፊሽካ ጎንበስ ብላ ከምድጃው ሥር ያለውን አመድ በጣቷ ነካችው፤ ርሷል።

ደንቡ በጊዜው ትክክል ነበር። ከሥሩ እሳት እየነደደ ውሃ ያለቀበት ቦይለር ነጂውንም መንገደኛውንም ይዞ ይፈነዳል። ነገር ግን አለቆቹ ትእዛዙን ሲያወርሱ ምክንያቱን አላወረሱም። እሳቱ ሲጠፋ ደንቡም መለወጥ እንዳለበት የነገራቸው ስለሌለ፣ እኚህ ታማኝ ሰው ለቀዝቃዛ ብረት ውሃ ሲሸከሙ አረጁ።

ልጅቱ ከግድግዳው ላይ እጀታው ረጅም የሆነውን መዶሻ አወረደች። ድሮ ባቡር ሳይነሳ መንኮራኩሩ ደህና መሆኑን በድምፁ የሚለዩበት ነው።

«ጆሮዎ አሁንም ደህና ነው?»

«የትንኝ ሳል እሰማለሁ።»

«እንግዲያው ይውረዱና ይቺን ሆዷን መታ መታ ያድርጉልኝ። ከላይ ይጀምሩ።»

አባ ጭስ እያጉረመረሙ ወረዱ፤ የተራቆተውን ብረት መቱት። «ደንንን» አለ፣ ጥርት ብሎ። ኩራት በፊታቸው ላይ ፈሰሰ። ዝቅ አድርገው መቱ፤ ደንንን። አሁንም ዝቅ አሉ፤ ውሃው የሚደርስበት መስመር ላይ ሲመቱ «ድፍ» አለ።

ደግመው መቱት። ድፍ።

ወደ ጎን ተራምደው መቱ። ድፍ። ፊሽካ ጆሯቸው ከእሷ ምላስ የተሻለ መካሪ እንደሆነ አይታለች።

«ተበልቷል፤» አሉ በመጨረሻ፣ መዶሻውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ አባባ። አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር አዲስ አየር ይዞ ይገባል። ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ብረቱን ይበሉታል። የሚጎድለውንም የጠጣችው እሷ አይደለችም፤ ከታች በተበሳ ቱቦ እየተንጠባጠበ አመዱ ውስጥ ይሰርጋል። እሳት የሌለው ቦይለር ውሃው ወጥቶለት፣ ውስጡ ደርቆ ነው ማደር ያለበት።»

«ክፈቺው።»

የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታችው። ጡብ የመሰለ ቀይ ውሃ ከነዝገት ቅርፊቱ ተንዶለዶለ፤ ጫማቸውን አልፎ በጋራዡ ወለል ላይ ተንጣለለ። አባ ጭስ አንድ አሮጌ የሐዲድ ግንድ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«አጠጣኋት ስል እየበላኋት ነበር በይኛ።»

«አልሞተችም! ቱቦዎቹ ይለወጣሉ፤ ሆዷ ወፍራም ነው፣ የተበላው ይጠገናል። ሌላ ክረምት እንደዚህ ካደረች ግን እኔም አላድናት፣ እርስዎም አያድኗት።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ውሃው ፈስሶ አለቀ።

«አመዱን ማን ይጠርጋል?» አሉ ኋላ።

«እኔ።»

«ጢምሽ እስኪያቀመቅም?»

«እሱን እንኳ አንጠብቀውም። በአፍዎ ይነግሩኛል።»

ከዚያ በኋላ ያ ጋራዥ የሰርግ ቤት መሰለ። የብረት ቀራጩ ቱቦ ቆረጠ፣ በያጁ የተበላውን ጠገነ፣ ከሙያ ትምህርት ቤቱ የመጡ ወጣቶች ሴቱም ወንዱም ውስጧን ፋቁ። አባ ጭስም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንጎራደዱ ሲሳደቡና ሲያስተምሩ ዋሉ፤ ሁለቱን መለየት ግን ጥቂት ቀን ይፈጃል። አንዱ ወጣት «ለምን?» ብሎ ሲጠይቃቸው እጃቸው በልማድ ወደ አካፋው ሄደ፤ መንገድ ላይ ሲደርስ ተመለሰ።

መርማሪው በመጣ ቀን የጣቢያው አጥር በሰው ተጨናነቀ። ምድጃው ውስጥ የብናኝ ጡቡ ተያያዘ። ፊሽካ ልቧ ከአካፋዋ ቀድሞ እየሮጠ ምድጃውን ልትሞላው ስትል ሽማግሌው ክንዷን ያዙ።

«ቀስ! ቀስ ብያለሁ! ገና አልነቃችም። አንድ ጎኗ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ብረቷ ይላቀቃል። ስስ አድርገሽ ዘርጊው፣ በእሳቱ ቀለም ፍረጂ። ነጣ ሲል ጨምሪ፣ ቀላ ሲል አየር ስጪው።»

«አባባ! ምክንያቱን እኮ ነገሩኝ!»

«ሰማሽው? እንግዲያው አታባክኚው!»

ብረቱ መሞቅ ጀመረ። አንድ ቦታ ጠብ አለ፣ አንድ ቦታ ሽው አለ፣ የግፊት መለኪያው ቀስት ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ተንጠራርቶ ተነሳ። መርማሪው ዞረው አዩ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። አባ ጭስ የፉጨቱን ገመድ ያዙና፣ ትንሽ አሰቡና፣ ለልጅቱ ሰጧት።

«በይ፣ ስምሽን ጥሪው።»

ሳበችው። ያ ድምፅ ከጣቢያው ወጥቶ ከተማውን አዳረሰው! ውሾች አበዱ፣ የሆስፒታሉ አጣቢዎች አንሶላቸውን ይዘው ሰገነት ላይ ወጡ፣ መርማሪው ጆሯቸውን ደፍነው እንደ ሕፃን ሳቁ። እመቤቲቱ አንዴ ተነፈሰች፣ ሁለቴ ተነፈሰች፣ በራሷ እንፋሎት ወደ ፀሐይ ወጣች። አባ ጭስ እያለቀሱ «ጭስ ገባኝ» አሉ፤ ያመናቸው ሰው ግን አልነበረም።

ከክረምቱ በኋላ የጎብኚ ባቡሩ ሥራ ጀመረ። ጎብኚውን እስከ ከተማው የሚያመጣው የኤሌክትሪኩ ባቡር ነው፤ ከዚያ ወደ ተራራው የምታወጣው እመቤቲቱ ናት፤ ተቀናቃኝ የተባሉት ሁለቱ እንዲህ ተደጋግፈው ይኖራሉ። ሐዲዱ ሳይነቀል ቀረ። በጣቢያው ዙሪያ ተዘግተው የነበሩት ሱቆችና ማረፊያ ቤቶች ተከፈቱ፤ የመጋዝ ብናኙም ወንዙን ትቶ ወደ ምድጃው ሄደ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሙያው ነው። ቦይለር መጠገን፣ ብረት መቅረጽ፣ እሳት ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች በዚያ ጋራዥ በቀሉ፤ ሙያቸውም ሆስፒታል፣ ፋብሪካ፣ የትም ያበላቸዋል።

«ያ ባለ አጭር ሱሪ ትዝ ይልሻል?» አሉ አባ ጭስ አንድ ቀን ከጉዞ መልስ።

«የቱ?»

«የዛሬው ጎብኚ። የጎርፉን ዓመት ነገርኩት፤ ሬሳውንም፣ ሙሽራይቱንም። አለቀሰ እኮ! ለካ እስከ ዛሬ ክብሯን የደበቅሁባት እኔ ነኝ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማን ይወቅላት?»

«ፎቶስ አልተነሳም?»

«አብረን ተነሳን። ባርኔጣዬን አስተካክዬ ነዋ!»

የጉብኝቱ ወራት ሲያበቃ ባቡሯ ወደ ጋራዥዋ ገባች። ወጣቶቹ ዙሪያዋን ከበቡ፤ ፊሽካም የማፍሰሻውን መፍቻ አነሳች። ሽማግሌው ከእጇ ወሰዱት። ጎንበስ ብለው ቡሎኑን ራሳቸው ፈቱት፤ ውሃው ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ እርጥብ እጃቸውን ሞቅ ባለው ሆዷ ላይ አሳርፈው፣ ለምን እንደሚፈስ፣ ለምንስ ደርቃ ማደር እንዳለባት፣ አንድ ሳያስቀሩ ለወጣቶቹ ነገሯቸው።