እኅቴ ያካፈለችን ክኒን

በእኛ ጊዜ እንቅርት ነውር አልነበረም፣ ልጆቼ። እናንተ ዛሬ አንገታችሁ ላይ ብጉር ብታዩ ሐኪም ቤት ነው የምትሮጡት። በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ቦኖው ላይ ውኃ ልትቀጂ ተሰልፈሽ ወደፊት ብታዪ ወደኋላ ብታዪ፣ የአንዷ እንቁላል ያህላል፣ የሌላዋ ቅል ያህላል፣ ማንም ማንንም አያይም። አንገታችንን እንነቀሳለን፣ ንቅሳት ያጠፋዋል ብለው። ምኑን ያጠፋዋል፣ አስጌጠው እንጂ!

ታዲያ ታላቅ እኅቴ አንጓች፣ እታለም ነበር የምላት፣ የእሷ ወደ ውስጥ ገባና ያንቃት ጀመር። እንስራ ስታነሣ ትንፋሿ ያፏጫል። ከቁንዝላ በጀልባ መጥተን ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሷ ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔ ለአስተማሪዎች ልብስ አጥባለሁ፤ ባል የለን፣ ልጅ የለን። ሐኪሙ አያትና «ይህ ካልወጣ ያፍናታል» አለ። ይውጣ እንጂ፣ በምን? ደመወዝተኛው በመሥሪያ ቤቱ ይታከማል፣ ወታደሩ በጦሩ ይታከማል፣ እኛ ያለችን የቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት ናት። ደሀ መሆንሽን ራስሽ ብትናገሪ አይታመንም፤ ማኅተም ነው የሚናገርልሽ። ለስድስት ወር ትጻፋለች፣ ስድስት ወር ሲሞላ እንደገና ደጅ ትጠኛለሽ።

እና በዚያች ወረቀት ቀደዷት፣ ወጣላት፣ ዳነች። ሲሰፏት ንቅሳቷ ተዛነፈ፣ የላዩ መስመር ከታቹ አልገጥም አለ፤ «መቼም ሐኪሙ ልብስ ሰፊ አይደለም» እያለች ትስቃለች። ያን ጊዜ ትስቅ ነበር።

ታዲያ ቁስሏን የሚያክምላት የሐኪም ቤቱ ድሬሰር የብዙ ወር ክኒን በወረቀት ከረጢት ሰጣት፣ ላዩ ላይ ጽፎበታል። እኔ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሳይመጣ ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ ራሴን ያስተማርሁ ነኝ፤ የተጻፈ ካየሁ አላልፍም። ጮክ ብዬ አነበብሁላት።

«ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ። ሳይቋረጥ።»

«እስከ መቼ?» አለችኝ።

«እሱን አልጻፈም።»

«እስኪያልቅ ይሆናላ።»

«አዎ፣ እስኪያልቅ ነው» አልሁ፤ እንደ አዋቂ!

ወሬው ቦኖው ላይ ደረሰ። አንጓች የእንቅርት ክኒን አላት! መጀመሪያ የመጣችው የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት የሺ ናት። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ፣ «እባክሽ አንጓችዬ፣ የኔ ገና ነው፣ ሳያድግ ልቅደመው። አንቺማ ተገላገልሽ።» እኅቴ እጇ አይጨበጥም፤ «እውነትሽን እኮ ነው፤ እንቅርት የሌለው ሰው የእንቅርት ክኒን ምን ያደርግለታል?» ብላ ቆጥራ ሰጠቻት። ሌላዋ መጣች፣ ሰጠቻት። እስቲ አትሳቁ፣ እናንተስ ብትሆኑ? ጥርሱ የተነቀለ ሰው የጥርስ መድኃኒት ይውጣል? ይኸው ነው የመሰለን።

እና እኔ። እኔም እዚህ ጋ፣ እዚህ፣ ሎሚ የምታህል ነበረችኝ። «ለሰው ሰጥቼ አንቺን ልተው?» አለችና በእጇ አጎረሰችኝ። በየጠዋቱ። ራሷ መዋጥ ትታለች። ከረጢቱ ላይ «ሳይቋረጥ» የሚለውን ያነበብሁት እኔ ነኝ፣ ሳይቋረጥ የዋጥሁትም እኔ ነኝ።

ታዲያ ወራት ሲሄድ እኅቴ ወፈረች። ፊቷ ሞላ፣ ዓይኗ ጠበበ። ሴቶቹ «አንጓች ተስማማት! ምን ብትበላ ነው?» ይላሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ለካ ውፍረት አይደለም። በባሕር ዳር ሙቀት፣ በሚያዝያ፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ «በረደኝ» ትላለች። ድምጿ እንደ ወንድ ጎረነነ። እንዝርቷን አሽከርክራ፣ ክሩ ከጣቷ ሳይወጣ እንቅልፍ ይወስዳታል። ምላሴን ታውቁት የለ! «ተነሺ አንቺ! ስብ ነው ያስተኛሽ! ሰው ይሠራል አንቺ ታንኮራፊያለሽ!» እላታለሁ። እሷም ቀስ ብላ፣ ቃሉ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሁሉ፣ «እሺ… እታ… እነሣለሁ» ትላለች። ያችን «እሺ» ዛሬም እሰማታለሁ።

እሑድ እሑድ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ መቅረት የለም። ሊቀመንበሩ ደረቱን ነፍቶ፣ «ጓዶች! አድኃሪያን በጎናችን ተኝተው!» ሲል፣ ኩርርር! እኅቴ ናት፣ አፏን ከፍታ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ማናት ያቺ? ተነሺ! አብዮቱ ያስተኛሻል?»

«አይ ጌቶች… በርዶኝ ነው።»

«ጌቶች የሚባል ቀርቷል! እዚህ አገር ጌታ የለም!»

ስሟን ጻፈ። የነጻ ሕክምና ወረቀቷ ጊዜዋ ሲሞላ ልናሳድስ ብንሄድ፣ «ለተኝቶ አደር አይጻፍም» አለን። እታለም «ይተወው፣ የኔ እንደሁ ወጥቷል» አለች። እኔም ተውሁት። ክኒኑም አለቀ።

ታዲያ ክረምቱ ሲገባ ከመደቧ መነሣት አቃታት። እግሯ አበጠ፣ ጠርቻት እስክትመልስልኝ ሌላ ሥራ ሠርቼ እመለሳለሁ። ድሬሰሩን ከሐኪም ቤቱ ደጅ ጠብቄ ያዝሁት።

«ክኒኑን ትወስዳለች?» አለኝ።

«እንቅርቷ እኮ ወጥቷል።»

«ስለወጣ እኮ ነው የሚሰጣት! ያወጣነው ሰውነቷን የሚያሞቀውን ዕጢ ነው፣ ክኒኑ በእሱ ፈንታ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ነው የምትወስደው!»

«ማን ነገረን?»

«ጽፌ የለ! ሳይቋረጥ ብዬ!»

ከዚያ ሊቀመንበሩ ቤት ነው የሮጥሁት። ምሳ ቀርቧል፣ ሚስቱ ወጥ ታወጣለች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማኅተምህን አውጣ።»

«ስብሰባ ላይ ለምትተኛ…»

«ያስተኛት ስንፍና አይደለም፣ መድኃኒቷን ተበልታ ነው። የበላውን ማየት ትፈልጋለህ? ሚስትህን ነጠላዋን አውርጂ በላት።»

የሺ ጭልፋውን አስቀመጠች። «እውነቷን ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔም ወስጃለሁ።» ሰውዬው እሷን አየ፣ እኔን አየ። ማኅተሙን እፍ እፍ ብሎ መታልኝ። እና ልንገራችሁ፣ እሱን ያን ያህል ስናገረው፣ እኔም የገዛ አንገቴን በነጠላ ጥምጥም አድርጌ ነበር።

በቃሬዛ ወሰድናት። አስተኟት፣ ክኒኑን በውኃ አሟምተው በማንኪያ ያደርጉላታል፣ ግማሹ በጉንጯ ይወርዳል። በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ልትናገረኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልሁ።

«ዛሬ… ዋጥሽ?» አለችኝ።

ስለ እኔ እኮ ነው የጠየቀችው! ክኒኑ ካለቀ ሰንብቷል፤ ግን «ዋጥሁ፣ እታለም» አልኋት። በማግሥቱ አረፈች። ያች እፍ እፍ የተባለባት ወረቀት ገና አምስት ወር ከሃያ ምናምን ቀን ይቀራት ነበር።

ሊቀመንበሩን ስረግም ኖሬያለሁ፤ እርግማኔን አላነሣም፣ ይገባዋል። ግን ስሙኝ፣ እሱ ወረቀት ነው የከለከላት። «እስከ መቼ?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነበር። ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፣ ድሬሰሩ ሰው የማይንቅ ሰው ነው፣ ሄጄ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ማንበብ በመቻሌ ኮርቼ፣ ያልተጻፈውን ከራሴ ጨምሬ አነበብሁላት።

አሮጊቷ እዚህ ላይ ሲያቆሙ፣ ከአድማጮቹ የጎረቤት ልጅ ሰብለ እንባዋን ጠርጋ፣ «እትዬ፣ ያ የእርስዎስ እንቅርት? በኋላ አወጡት?» አለቻቸው።

«ምኑን አወጣዋለሁ ልጄ፣ በዚያው ጠፋ። ነይ ዳስሺው፣ ምንም የለም። መድኃኒቱስ ጥሩ መድኃኒት ነበር።»