የዘገየው ዙምባራ

ልጄ ዘሃራ እህል የማስቀምጥበትን ክፍል ስቱዲዮ አድርጋዋለች። በቀደም አሶሳ ያለ ነጋዴ «ሞክሪው፣ ካልሆነሽ መልሺው» ብሎ ስምንት ማይክ የሚቀበል የድምፅ መቅጃ ሰጣት። ለሙከራው እኔን ጨምሮ ሰባት ዙምባራ ነፊና አንድ ከበሮ መቺ ጠራች። ካመጣቻቸው አንዱ ጎረቤቴ ሃሩን ነው። ዙምባራ፣ የእኛ የቅል ጡሩምባ፣ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ሰው ከዘገየ ዜማው ይበላሻል። ሃሩንን «ሁልጊዜ ትዘገያለህ» ብዬ ባለፈው አዝመራ ከነፊዎቹ መካከል ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ነፋን። የተቀዳውን ስንሰማው አንዱ ይዘገያል። «ያው ሃሩን ነው» አልኩ። ዘሃራ «ባባ፣ ይሄ እኮ የሁሉንም ለየብቻ ነው የሚይዘው» ብላ የሃሩንን ከከበሮው ጋር ብቻ አሰማችን። ልክ ነው። የሌሎቹንም አሰማችን፤ ልክ ናቸው። የኔ መጨረሻ ላይ መጣ። ከበሮው ይመታል፣ የኔ ቅል ቆይቶ ይደርሳል። «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። ማንም አልሳቀም፤ ሃሩን ጫማውን ያያል።

«ባባ፣ መቅጃውን ለነጋዴው ልመልሰው?» አለች።

«ያዢው» አልኩ። ከዚያ ወደ ሃሩን ዞሬ «አርብ ከሶላት በኋላ እንነፋለን፣ እንዳትቀር» አልኩት።

«እመጣለሁ» አለኝ፣ «አንተ ግን እንዳትዘገይ።»