የእትዬ ዙሀራ የሙቀት ደብተር

እትዬ ዙሀራ አብዱልሃዲን በ1976 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የበደሏቸው፣ ያን ጊዜ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር የነበሩትና አሁን ከዚህ ዳስ ጥግ አቀርቅረው የተቀመጡት አቶ አብዱሰላም ናቸው፤ ይህ አስቀድሞ መነበቡም ለቀስተኛው ጎን ለጎን ከሚንሾካሾክበት በግልጽ ቢሰማው ስለሚሻል ነው።

እትዬ ዙሀራ ከአባታቸው ከአቶ አብዱልሃዲ ሳልህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐቢባ በ1928 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ካለው ቀዬ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ቁርኣን ከመቅራት በቀር ሌላ ትምህርት ሳያገኙ አድገው፣ ከአቶ ሁሴን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች ካፈሩ በኋላ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ በአርባ ሦስት ዓመታቸው ከልጃቸው ከሰይዳ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ።

የመንግሥት እርሻው የአየር ሁኔታ መዝጋቢ ሲፈልግ ወንዶቹ ሥራውን ስለናቁት ለእርሳቸው ደረሳቸው። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባለ አራት እግሩን ነጭ ሣጥን ከፍተው የሙቀት መለኪያውን ያነባሉ፣ ከጎኑ ያለው ቆርቆሮ ያጠራቀመውን ዝናብ ይለካሉ፣ በደብተርም ይጽፋሉ። በዚያ ዘመን ግን የሚጽፍ ሰው ሳይጠረጠር አይውልምና፣ አቶ አብዱሰላም ሣጥኑን ሬድዮ፣ ቁጥሩን ምስጢር፣ እትዬ ዙሀራንም የጠላት ጆሮ አደረጓቸው። እርሳቸውም በበኩላቸው ሊቀመንበሩ በደጃቸው ባለፉ ቁጥር የሰውዬው ጫማ ወዴት እንደዞረ ሳያዩ ወደ ቤት አይገቡም ነበር።

በዚያ ሰኔ የቀኑ ሙቀት ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ አልወርድ፣ ሌሊቱም አልበርድ አለ። በዘጠነኛው ቀን ወበቁ ልብስን ከገላ ሲያጣብቅ፣ ገና በረፋዱ በጣርማ በር አናት ላይ ደመናው እንደ ጥጥ ክምር ሲቆለል፣ ታቹም ሲጠቁር አዩና፣ ከቀትር በኋላ መብረቅና በረዶ፣ ተከትሎም ደራሽ ጎርፍ እንደሚመጣ ገምተው ከቁጥሩ ጋር በደብተሩ ጻፉ። የማኅበሩ ስብሰባ ደግሞ እንደ በጋው ልማድ፣ ጥላ ፍለጋ፣ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ነበር።

እየሮጡ ሄደው ሕዝቡ እንዲነሳ ቢለምኑ፣ አቶ አብዱሰላም «ስብሰባ እንድትበትኚ ማን ላከሽ?» ብለው ደብተሩን ነጠቋቸው፤ ከዳገቱ ካለው መጋዘንም አስቆለፉባቸው። አቶ ሁሴን ግን «እናንተ ሳቁ፣ እኔ ሚስቴን አውቃታለሁ» እያሉ ሰዉን አንድ በአንድ ወደ ዳገቱ አወጡ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሰማዩ ተቀደደ። ሊቀመንበሩም ጭምር ሰው ሁሉ ተረፈ፤ አንድ አንካሳ ሽማግሌ ሊያወጡ የተመለሱት አቶ ሁሴን ግን ሽማግሌውን ወደ ዳር ገፍትረው እርሳቸው በዚያው ቀሩ።

ጎርፉ ልክ ባሉት ሰዓት መምጣቱ ራሱ ወንጀል ሆኖባቸው፣ እትዬ ዙሀራ «ማን ነገረሽ?» እየተባሉ ሰባት ወር ታሰሩ። መልስ መስጠት አዲስ ጥርጣሬ መውለድ ነበርና ዝም አሉ። ከተፈቱ በኋላም ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳድገው፣ በስኳር ሕመም ሁለት ዓመት ሲሰቃዩ ቆይተው፣ በዚህ በ1982 ዓ.ም. በሃምሳ አራት ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ልጆቻቸውን ሰይዳንና አብዱልሀኪምን፣ እህታቸውን ራቢዓን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንም ትተዋል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ በዚያ ቀን ካልተመለሱት ከአቶ ሁሴን ጋር በጀነት ያገናኛቸው።

ሊያርፉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው አቶ አብዱሰላም ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ «እስቲ አሁን እንኳ ንገሪኝ፤ ያን ቀን ማን ነግሮሽ ነው?» አሏቸው። እትዬ ዙሀራም ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉና እንዲህ አሉ፦ «ደብተሩ ላይ ተጽፎ ነበር። ነጥቀህ በእጅህ ይዘኸው ሳለ አላነበብከውም።»