መሬት ለአራሹ ያለ አስተርጓሚ

ከሶዶ ወደ ቦምቤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ አዛውንትና አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ተቀምጠዋል። አብዮት ከአገር አገር እንዴት እንደሚዛመት እንደምታስተምር ስትነግራቸው ሳቁ።

«የእኛም ከውጭ ነው የመጣው፣ ልጄ።»

«እንዴት አባባ?»

«ዘማች ተማሪዎች መጥተው ‹ኢምፔሪያሊዝም ይውደም› በሉ አሉን። ጮኽን። እኔ የባለርስቱ ወንድም መስሎኝ ነበር።»

«ማን?»

«ኢምፔሪያሊዝም ነዋ!»

ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

«ሳይገባችሁ ጮኻችሁ?»

«‹መሬት ለአራሹ› የሚለው ግን ያለ አስተርጓሚ ገባን። ጭሰኞች ነበርንና።»

«ከዚያስ?»

«አባቴ ቡና መትከል ይመኝ ነበር። ባለርስቱ አይፈቅድም፤ ቡና የተከለ ጭሰኛ ነገ መሬቱ የኔ ነው ይላል ብሎ ይፈራል። መሬቱ የእናንተ ነው ሲባል አባቴ ዝናብ እንኳን አልጠበቀም። ችግኝ ለምኖ ተከለ፤ ከወንዝ ውሃ እያመላለሰ አጠጣው።»

«ጸደቀ?»

«ጸደቀ እንጂ! ዛሬም ከእሱ እለቅማለሁ።»

«ተማሪዎቹስ?»

«አንዱ እኛ ቤት ነበር የሚያድረው፤ ደግ ልጅ ነበር። በኋላ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ሲፋጁ ሞተ አሉን። እናቴ ስታነሳው ኖረች።»

መምህርቷ ወሬውን ወደ ቡናው መለሰችው።

«ቡናው አሁን የት ይሄዳል?»

«ባሕር ማዶ። ዋጋውንም እዚያ ነው የሚቆርጡት ይላሉ ነጋዴዎቹ።»

«አያናድድዎትም?»

«ሲወርድ እናደዳለሁ። ግን ልጄ፣ ዛፍህን ንቀል የሚለኝ የለም።»

እኔም ስልኬን ኪሴ ከትቼ በመስኮቱ የሚያልፉትን የቡና ጓሮዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።